ለገንዳው መከለያ የተመደበ ገንዘብ እና ስለ አንዲት እንቁራሪት የተሰጠ ቃል

እዚህ ያላችሁ ስሙ፤ የሌላችሁም ስሙ፤ የሌላችሁት ትበዛላችሁ። ዛሬ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንዲት እንቁራሪት በግቢዬ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ በቋሚነት መኖር መጀመሯን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ኑዛዜዬን የሚጽፍልኝ ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ «አባባ፣ ይህም ይጻፍ?» አለኝ። ይጻፍ። ከሁሉ በፊት ይጻፍ፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

ሰማንያ አንደኛ ዓመቴን ከያዝኩ ዛሬ አርባኛ ቀኔ ነው። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ጆሮዬም የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ፣ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ በሦስት ምስክሮች ፊት ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ነገር የለም፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ አላገኘሁም ነበር።

አንደኛ፤ ቤቱ ለጥርስ ሐኪሟ ልጄና ለታናሽ ወንድሟ ለሾፌሩ እኩል ይሁን። አትሽጡት አልልም። ከመሸጣችሁ በፊት ግን አንድ ቀን አብራችሁ ዋሉበት።

ሁለተኛ፤ በገንዳው ዳር ያሉት ስድስት ተጣጣፊ ወንበሮች አይነጣጠሉ። ሲገዙ ለስድስት ሰው ነበር። እንዳይቀያየሙብኝ ብዬ በየተራ ስቀመጥባቸው ኖሬአለሁ፤ ሰኞ አንዱ፣ ማክሰኞ ሌላው። እሑድ ስለሚያርፉ ቆሜ እውላለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ገንዳው መከለያ። ነገሩን ምስክሮቹም ይወቁት። ከሦስት ዓመት በፊት የልጄ ልጅ፣ ስለማታርፍ ቁንጫ ብዬ የምጠራት፣ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ፣ እኔው እየጠበቅኋት ገንዳው ውስጥ ወደቀች። ከነጫማዬ ዘልዬ አወጣኋት። ፎጣ ተጠቅልላ እየተንቀጠቀጠች «እንቁራሪቷን ላያት ብዬ ነው» አለች።

እናቷ፣ ማለትም ሐኪሟ፣ «የምን እንቁራሪት? ከጠርዙ አትጠጊ ስትባይ አልሰማ ብለሽ፣ ደግሞ ትዋሻለሽ?» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ይህ ገንዳ ካልተከለለ እኔም ልጄም ይህን ግቢ አንረግጥም!»

የሰው አፍ ማስከፈት ሥራዋ ነው፤ የእኔን ግን ዘጋችው። ሦስት ዓመት ሙሉ አልረገጡትም።

በማግሥቱ ብረት ሠራተኛውን ጠራሁ። ለክቶ የባለ ጣሪያ መስታወት መከለያ ፕሮፎርማ አመጣልኝ፤ ዋጋውም ተስማማኝ። ሆኖም ጣሪያው ተንሸራታች ይሁን ብዬ እንደገና አስለካሁት። ቀጥሎ የሚታጠፍ አማረኝ። ቀጥሎ መስታወቱ ወፈር ይበል አልኩ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ጊዜ አስለካሁት። በስምንተኛው ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «አባባ፣ ገንዳው እኮ አያድግም!» አለኝ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? በልጅነቱ ነው የለካኸው።»

ሳቀና ከወንበሮቹ በአንዱ ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁለት። ያን ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ አልሄደም።

ልጆቼ ሥራውን ያላስጀመርኩት በስስት ይመስላቸዋል። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተለይቶ ተቀምጧል። አንደኛው ምክንያቴ ሥራው ካለቀ ብረት ሠራተኛው መምጣቱን ይተዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ይከፋል። መከለያው ተሠርቶም ልጄ ካልመጣች፣ የቀረችው በገንዳው ሳይሆን በእኔ መሆኑን ላውቅ ነው። ሳይሠራ እስከቆየ ድረስ ጥፋቱ የገንዳው ነበር።

ስለዚህ ከተቀመጠው ገንዘብ ግማሹ ለመስታወትና ለጣሪያ፣ ሩቡ ለብረቱ ይሁን። ከቀረው ላይ መሠረቱና የዝናብ ውኃ መውረጃው ይሠራበት፤ የተረፈው መጠባበቂያ ነው። በሩ መቆለፊያ ይኑረው፤ መቆለፊያውም የቁንጫ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይግባ። ቁመቷን እናቷን ጠይቃችሁ ለኩ። እኔ አላውቀውም።

ብረት ሠራተኛው ሥራውን ይሥራ፤ ለአሥራ አንዱም ልኬት ለየብቻው ይከፈለው። ተጠቃሚ ምስክር አይሆንም ብሎ ጸሐፊው ከክፍሉ አስወጥቶታል። በመስኮት ይታየኛል፤ ማንም ሳያዝዘው ገንዳውን እየለካ ነው።

አራተኛ፤ ሾፌሩ ልጄ በስልክ «አባዬ፣ አፈር እንሙላበትና ይለይለት» ይለኛል። ልጄ፣ አፈሩን ለእኔ አስቀምጥልኝ፤ ገንዳውን ተወው። የመሣሪያ ሳጥኔና ሬዲዮዬ ያንተ ናቸው። ሬዲዮው አንዳንዴ በራሱ ይጠፋል፤ መታ ስታደርገው ይመለሳል። ከአንተ ይሻላል፤ አንተ ተመትተህም አልተመለስክም።

ምስክሮች፤ መርፌ ልትወጋኝ የመጣችው ነርስ፣ ጡረታ የወጣው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ፣ እንዲሁም የሰፈሩ ጋዜጣ አዟሪ። ነርሷ ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ «አባባ፣ እኔ የሚታየኝ ቅጠል ብቻ ነው» አለች። እንቁራሪቷ ዓይን አፋር ናት አልኳት። ሦስቱም ፈርመዋል።

እኔ ከመፈረሜ በፊት ጸሐፊው ሁሉንም አነበበልኝና «የሚታረም አለ?» አለ።

አለ። እንቁራሪቷን በመጀመሪያ ያስጻፍኳት ቁንጫ ያኔ አልዋሸችም ለማሰኘት ነበር። እንቁራሪት ግን የለችም። ዛሬም የለችም፤ ያኔም አልነበረችም። «ጎንበስ ብለሽ እያት፣ መነጽር አድርጋለች» ያልኳት እኔ ነኝ። ለቀልድ ብዬ ነበር። እናቷ ውሸታም ስትላት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጅቷ የአያቷን ቃል አምና ነው የወደቀችው።

የቀረው እስክሞት ይቆይ። ይህ እርማት ግን ዛሬውኑ ለእናቷ ይላክ፤ ቁንጫ ባለችበት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ምስክሮቹ ከዚህ ሥር እንደገና ይፈርሙልኝ።

ፊርማ፤
የቁንጫ አያት