«ነይ አንቺ»

ፋንታዬ፣ ደህና ሰነበትሽ? ሞጣ የወንድሜ ልጅ ነርሷ ሄለን ቤት ነኝ። ትናንት ጎረቤቷ ትንሽ ወንድ ልጇን «ነይ አንቺ! ፊትሽን ታጠቢ!» ስትለው ሰማሁ። እዚህም እንደኛ ቢቸና፣ ልጅ የሞተባት እናት ቀጣዩን ወንድ ሞት እንዳያየው እንደ ሴት ትጠራዋለች። እኔም ልጄን ሽታሁንን እንዲሁ አሳደግሁት። ልቡ ወደ ወንድ እንደሚያደላ ሲነግረኝ ግን በአፌ ያመጣሁበት መስሎኝ አጠራሩን ተውሁ፤ ከዚያም ዝም አልሁት። እሱም ቤት መምጣት ተወ።

ጽንስ በማህፀን ሳለ የሚያገኘው ሆርሞን ለእንዲህ ያለው ዝንባሌ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል አንብቤ ነበርና ሄለንን ጠየቅኋት።

«ተመራማሪዎች እንዲያ ይገምታሉ፤ ገና አልቋጩትም። አንቺ ስለተባለ ግን አይደለም፣ እትዬ። አባዬም እኮ አንቺ ተብሎ ነው ያደገው፤ ሰባት ወለደ!» ብላ ሳቀች።

የገዛ ወንድሜን ረስቼው ኖሯል!

ወዲያው ለሽታሁን ደወልሁ። «አንቺ፣ ለፋሲካ አትመጪም?» አልሁት። «እመጣለሁ፣ እማ» አለኝ።

የካርዱ ቦታ አለቀ። ካርዱን በፖስታ ያሸግሁት ሰው እንዳያነበው ነው። ልጆችሽን ሳሚልኝ። ሽታሁን ሲመጣም በርሽ ላይ እንደ ድሮው «ነይ ግቢ» በዪው።

ሰገነት