ሦስት ዓመት የታጠረ ሣር

ማክሰኞ

ድንጋይ ኖራ ሲቀቡ ደረስኩ። ሁለት ሳምንት ሐረር ተቀምጬ ጽሑፌን በታይፕ አስመትቼ ስመለስ፣ የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ተቀብቷል። የግራሩ ግንድ እስከ ወገቡ ተቀብቷል። ዓመት የቆመው ትራክተር ጎማ ሳይቀር ተቀብቷል። የግቢው ዘበኛ የተረፈው ስለሚንቀሳቀስ ብቻ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ። እኔ በአዳራሹ ለሕዝቡ የጥናቴን ውጤት አቀርባለሁ። ኃላፊያችን ጓድ በላቸው፣ "ጓድ እታገኘሁ፣ አጠር፣ ደመቅ ያለ ይሁን" አለኝ። ስለ ድርቅ የሚቀርብ ጽሑፍ እንዴት ተደርጎ እንደሚደምቅ አልጠየቅኩትም። የመጀመሪያውን ገጽ አየ፤ የመጨረሻውን አየ፤ መለሰልኝ። መሃሉን የሚያነብ አለቃ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ቅዳሜ የምለውን በደረቁ ልለማመደው። ከጅጅጋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ድንበር በሚሄደው የቶጎጫሌ መንገድ፣ አንድ ቁራጭ ሜዳ በእሾህ አጥሬያለሁ። ሦስት ዓመት አንድ ከብት አልገባበትም። ከአጥሩ ውጭ ላሙም ግመሉም እንደ ልቡ ይግጣል። የበላዮቻችን ሣሩን የጨረሰው የዘላኑ ከብት ነው ይላሉ። እውነት ቢሆን ኖሮ አጥሩ ውስጥ ያለው ሣር ይተርፍ ነበር። አልተረፈም። ውስጡም ውጭውም እኩል ሳሳ። ዳሬሞ የሚሉት ደህናው ሣር በሁለቱም ወገን ጠፋ። ጥርስ ያልነካውን ሣር ከብት አልጨረሰውም፤ የአየሩ ጠባይ ነው የጨረሰው። ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ዘንድሮም ጉ የሚሉት የበልጉ ዝናብ ቀኑ አልፎ ገና አልገባም።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት የለፋሁት ይህችን ለማለት ነው። እንግዶቹ ግን በቦርሳቸው ይዘውት የሚመጡት ዕቅድ ሜዳውን በሙሉ አጥሮ ከብቱን ማስወጣት ነው።

ረቡዕ

የከብት አርቢዎቹን ሽማግሌዎች ለቅዳሜ ልጠራ አገራቸው አውበሬ ሄድኩ። የሽማግሌዎቹን ታላቅ፣ ሐጂ ፋራህን፣ ቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። በበጋ ከብታቸው እስከ አጥሬ ድረስ ይወርዳል። እኔ ጅጅጋ የተወለድኩ የወታደር ልጅ ነኝ፤ ሶማሊኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር እየተሰዳደብኩ ነው የተማርኩት። "አዴር" ነው የምላቸው፤ አጎቴ እንደ ማለት።

"እሺ፣ ምን አገኘሽ?" አሉኝ።

"ዝናቡ እየከዳን ነው፣ አዴር።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ያጠርሽው? ብትጠይቂኝ ሻይ እየጠጣን እነግርሽ ነበር።"

ተናደድኩ። ኮሌጅ ገብቼ፣ ሣር በሚዛን ለክቼ፣ ፀሐይ ቆዳዬን ልጦት ያገኘሁትን ነገር ሽማግሌው በሻይ ይለውጡታል። በራሴ ሳቅኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልሳቅኩም።

ሲሸኙኝ ግን እንዲህ አሉኝ፦ "አንቺ ስትናገሪው ይጻፋል። እኔ ስናገረው ሽማግሌ አለቃቀሰ ይባላል። ቅዳሜ ፊት ለፊታቸው ትይዋለሽ?" እላለሁ አልኩ። ቃል ገባሁ።

ለአውበሬ ሰዎች ውሃ የሚያመላልሰው የመሥሪያ ቤታችን ቦቴ ከቀረ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ተበላሽቷል ተብለዋል። ሴቶቹ ጄሪካን አዝለው ሲሄዱ አየሁ፤ የት ድረስ እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

አረንጓዴ ነው። አጥሬ ውስጥ አረንጓዴ ነው!

ሹፌሩ ከሩቅ ሲያየው "ኧረ ዘንቧል!" ብሎ ጡሩምባ ነፋ። አልዘነበም። ከከተማው እስከ አጥሩ ያለው መሬት አመድ ነው። ውስጡ ግን ጭቃ ነው፤ የቀረው እንቁራሪት ብቻ ነው። የከባድ መኪና ጎማ አሻራ እስከ አጥሩ በር መጥቶ ይመለሳል። ያቆጠቆጠውም ዳሬሞ አይደለም፤ አረም ነው። ለእንግዳ ዓይን አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው።

የቦታውን ጠባቂ አብዲን ጠራሁት። አብዲ የታዘዘውን አንድ ሳያጎድል፣ አንድ ሳይጨምር የሚሠራ ሰው ነው። "ጓድ በላቸው ናቸው የላኩት። ቦቴው በየሁለት ቀኑ ይመጣል። እንግዳ ስላለ አጠጡ ተብሏል" አለኝ። የአውበሬው ቦቴ! አልተበላሸም። እዚህ የእኔን አረም ሲያጠጣ ነው የከረመው።

አብዲ ቀጥሎ የዝናብ መዝገቡን በኩራት አቀበለኝ። መለኪያው ጣሳ የቆመው ሣሩ መሃል ስለሆነ ከቱቦው የተረጨው ውሃ ገብቶበታል። አብዲ በየማለዳው ለክቶ ዝናብ ብሎ ጽፎታል።

"ምነው አብዲ፣ ምነው!"

"ጣሳው ውስጥ ያገኘኸውን ሁሉ ጻፍ አላልሽኝም?"

ብያለሁ። ከየት እንደመጣ ጻፍ አላልኩትም። በመዝገባችን መሠረት በዚህ የድርቅ አገር፣ በዚህ አንድ ቁራጭ መሬት ላይ፣ ደንበኛ ክረምት ገብቷል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኔን ንቀው መነቅነቅም አላስፈለጋቸውም፤ በበሩ ገብተው አጠጡት።

ጓድ በላቸው ዘንድ ሄጄ ጮኽኩ። አልተቆጣም፤ አዘነልኝ። "እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? ደረቅ መሬት ልናሳያቸው ነው? ለምልሞ ሲያዩት አንቺም ትመሰገኛለሽ።"

"ውሃው እኮ የአውበሬ ነው።"

"ከቅዳሜ በኋላ ይመለስላቸዋል።"

በክፋት አላደረገውም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ቢያንስ አስቦበታል እል ነበር።

አርብ

ዛሬ ደግሞ አሰበበት። ማሰቡ ከአለማሰቡ ብሷል። በጠዋት ጠርቶኝ፣ "ውስጡ ለምለም፣ ውጭው አመድ! ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አጥር ሣር ያበቅላል ማለት ነው" አለኝ። ራሱ ያጠጣውን ረስቶ ራሱ ተገረመ። ከዚያ ጽሑፌ ከግኝቱ ጋር ስለማይሄድ ገጽ ዘጠኝን አውጪው አለኝ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ ያለው። ከብቱ አይደለም፣ ዝናቡ ነው የሚለው።

አወጣሁት።

ይኸውና ጻፍኩት። ስቴፕሉን በጥፍሬ ነቅዬ አወጣሁት፤ መልሼም አያያዝኩት። ለራሴ የነገርኩትን ልዘርዝር፦ ብናገርም የሚሰማ የለም። ዕቅዱ አስቀድሞ ተወስኗል። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ቢያዛውሩኝ እናቴን የሚጦር የለም። ዝም አይነቅዝም፤ አባቴ ይህን እያለ በጡረታ ወጥቷል።

ሌላውን ሰው ሁሉ እየናቅኩ ሰነበትኩ። ዛሬ መስተዋት ፊት ፀጉሬን ሳበጥር ከሁሉም የምትናቀውን አየኋት።

ቅዳሜ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በመጀመሪያ እንግዶቹን አጥሩ ዘንድ ወሰድናቸው። አረሙ መሃል ቆመው ፎቶ ተነሡ። ትልቁ እንግዳ አንድ ዘለላ ቀጥፎ ኮቱ ኪስ ላይ ሰካ። ማንም አረም ነው አላለውም። እኔም አላልኩም።

ከዚያ አዳራሽ። አነበብኩ። ከገጽ ስምንት ወደ ገጽ አሥር ስሻገር ድምፄ አልተሰናከለም፤ በዚህ ራሴን ታዘብኩት። ተጨበጨበ። የአውበሬ ሽማግሌዎች ሲመጡ አጥሩን በመንገድ አይተውት ከኋላ ተቀምጠዋል። ሐጂ ፋራህ አላጨበጨቡም፤ በትራቸውን ይዘው እያዩኝ ነበር።

"ጥያቄ ካለ" ተባለ። ሐጂ ተነሡ። በሶማሊኛ ረጋ ብለው እንዲህ አሉ፦

"ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ተከትዬ ኖሬያለሁ። በአጥር ውስጥ ብቻ የሚዘንብ ዝናብ ግን ዛሬ አየሁ። የማን ዝናብ ነው? ልጄ ተምራለች፤ እሷ ትንገረኝ።"

አስተርጓሚያችን ከድር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሰው ቢያለቅስም ቢራገምም እሱ ዘንድ ሲደርስ ምስጋና ይሆናል። "ሐጂ ለተደረገው እንክብካቤ ያመሰግናሉ፤ የዝናቡም ሁኔታ አስደስቷቸዋል" አለ።

መድረኩ ላይ ከእኔና ከከድር በቀር ሶማሊኛ የሚሰማ የለም። አጨበጨቡ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ይሰማል፤ ያ ግማሽ ወደ እኔ ዞረ። ሐጂ አልተቀመጡም። ዝም ብል የሚያልፍ ነገር ነበር፤ እንደ ትናንቱ ገጽ።

"እንደዚያ አላሉም" አልኩ።

ከድር ክንዴን ነካኝ። ሐጂ ያሉትን ቃል በቃል በአማርኛ ደገምኩት። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሬ በራሳቸው ቋንቋ መለስኩ፣ ለመድረኩም በአማርኛ፦ "ዝናብ አይደለም፣ አዴር። የቦቴ ውሃ ነው። የእናንተ ውሃ ነው። ሦስት ዓመት ከብት ሳይገባበት ሣሩ ውስጥም እንደ ውጭው አልቋል። ሣሩን የጨረሰው ከብታችሁ አይደለም፤ ዝናቡ ከድቶናል።" ገጽ ዘጠኝን በቃሌ እንደማውቀው ያወቅኩት ያኔ ነው።

ትልቁ እንግዳ ወደ ጓድ በላቸው ዞረ። "እውነት ነው?"

"ለእንግዳ ክብር ብለን ነው፣ ጓድ" አለ በላቸው። ምስኪን፣ ከልቡ ነበር ያለው።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ትልቁ እንግዳ ከኪሱ ላይ አረሙን ነቀለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዕቅዱ ሳይነበብ ስብሰባው ተዘጋ። ሐጂ በበሩ ሲወጡ በትራቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉልኝ።

እሁድ

በጠዋት መልእክተኛ ወረቀት አመጣልኝ። ነገ የዝናብ መዝገቡንና የአጥሩን ቁልፍ ይዤ ቢሮ እንድቀርብ። ምክንያት አልተጻፈበትም። ዕቅዱ ይቅር ወይም ሌላ ጊዜ ይነበብ የሚነግረኝ የለም። እናቴ አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። "ሻንጣሽ ዚፑ ተበላሽቷል" አለች።

መዝገቡን ለመውሰድ ወደ አጥሩ ሄድኩ። የቶጎጫሌ ጭነት መኪናዎች አቧራቸውን እያለበሱን ያልፋሉ። አረሙ ከአሁኑ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። አብዲ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ቦቴው ትናንት ከሰዓት አውበሬ መግባቱን ከዚያ የመጣ ነጋዴ ነግሮታል። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ጣሳውን አብረን አየነው። ደረቅ ነው። "ባዶ ብለህ ጻፍ" ልለው ስል አስቀድሞ ጽፎታል። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጥኩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት፣ ውሃ በተመዘገበበት ቀን ሁሉ፣ ዝናብ የሚለውን ቃል በማስመሪያ ሰርዞ ከጎኑ በዚያ ጠማማ እጁ አንድ ቃል ጨምሮበታል፦ ቦቴ።

"ማን አዘዘህ?" አልኩት።

"ማንም" አለ። "ትናንት አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነበር።"

ነገ መዝገቡን የሚረከቡኝ እንዲህ ሆኖ ነው። እኔን የት እንደሚልኩኝ አላውቅም።