የአዞው እጅና የባለቤቴ እጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

አዞ ሥሪ ተባልኩ። አዞ! እስከ ዛሬ ለመድረክ የሰፋሁት የንጉሥ ካባ፣ የሐኪም ጋዋን፣ የሙሽራ ቀሚስ... አንዴም የንብ ሆድ። አዞ ግን ገና ዛሬ።

ለልጆች አዲስ ቲያትር ሊወጣ ነው። አዞው ክፉ አይደለም አሉ። እናቱ የጠፋችበት የወፍ እንቁላል አግኝቶ፣ እስኪፈለፈል ድረስ በእጁ ይዞ የሚዞር አዞ ነው። እዚያው ቆሜ ሆዴ ባባ። ለአዞ! ዕድሜ ነው መሰለኝ።

ገላውን ከአረንጓዴ ሸራ እሰፋዋለሁ፣ እሱ አያሳስበኝም። ጉዱ እጁ ላይ ነው። አዘጋጇ (ልጅ ናት፣ ከልጄ አትበልጥም) "እትዬ፣ እጁ ቅርፊት ያለው፣ ጥፍር ያለው፣ የእውነት የአዞ እጅ እንዲመስል ነው የምፈልገው። ፊት የሚቀመጡት ልጆች ዓይናቸው ከእንቁላሉ አይነቀልም" አለችኝ። ጓንት ላይ ጎማ ልለጥፍ ነው ማለት ነው። ጎማ መርፌ ሲነካው ይቀደዳል። ታዲያ በምን? እንጃ። እኔ የክርና የመርፌ ሰው ነኝ።

ቤት ስገባ ሰውዬዬ መስኮቱ ጋ እንደተቀመጠ ነው።

"አዞ ልሠራ ነው" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለ። በቃ።

ዓይንህ ደክሟል ብለው መንጃ ፈቃዱን አናድስም ካሉት ወዲህ ቃል ይቆጥባል። ያ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያሳቀ የሚያደርስ ሰው... የት ሄደ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ወንድሙ ደወለለት። ያ ሌላ ከተማ መጋዘን ያለው። ና፣ ሠራተኞቹን ተቆጣጠርልኝ፣ መኝታ ክፍልም አለህ ብሎታል። እራት ላይ ነገረኝ።

"ወሩ ሲያልቅ ልሄድ ነው።"

"እህ።"

"አንቺ ሥራሽ እዚህ ነው። እየተመላለስኩ አይሻለሁ።"

"እንደፈለግህ" አልኩት።

ለምን እንደፈለግህ አልኩ? ምን ነክቶኝ ነው? ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። አንዱን የታጠበ ሳህን መልሼ አጠብኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ሰፈራችን ያለውን ጎሚስታ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ያንን የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

"ለምንዎት ነው እናቴ?"

"ለአዞ።"

"አዞውም ጎማ ፈነዳበት?" ብሎ ጓደኛውን ጠርቶ ሳቁብኝ። ግን ጥሩ ልጅ ነው፣ ተለቅ ያለውን መርጦ ሰጠኝ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅርፊት ቅርፊት አድርጌ ቆረጥኩት። ጥፍሮቹን ከወፍራም ጫማ ሶል አወጣኋቸው። ያምራሉ። ብቻቸውን እንኳ ያስፈራሉ።

ከዚያ ማጣበቂያ ፍለጋ። መጀመሪያ ቤት ያለውን ነጭ ኮላ በቁራጭ ጓንት ላይ ሞከርኩ። ደረቀ ብዬ ስነካው እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ተነሳ። ቀጥሎ ሱፐር ግሉ። ጓንቱ ጥጥ ነው፤ ጠብ ሳደርግበት ጭስ! የእውነት ጭስ ወጣው፣ ጣቴን ለበለበኝ። ሲደርቅ ደግሞ ጨርቁ አጥንት ሆነ፣ ጣት አላጥፍም አለ። ሲሊኮን ይሻላል አሉኝ። ይታጠፋል፣ እውነት ነው። ግን እስኪደርቅ ድረስ ቅርፊቶቹ ቀስ እያሉ ወደ አንጓው ወረዱ። አዞዬ እጅጌው ውስጥ ሊደበቅ ነው እንዴ?

ባለቤቴ የተለበለበውን ጣቴን አየው። ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። ይኸው ነው የሱ ነገር። አፉ ዝም፣ እጁ ግን...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ወደ ጎሚስታው ተመለስኩ።

"ምን አስጨነቀዎት፣ ማስቲሽ ነዋ!" አለኝ። "ግን እናቴ፣ ጎማው ዱቄት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት፣ በቤንዚን ይጥረጉት። ከዚያ ጎማውንም ጓንቱንም ይቀቡና ዝም ብለው ይቀመጡ። በጣትዎ ሲነኩት መያዙን ከተወ፣ ያኔ ያገናኙት።"

"መያዙን ከተወማ ደርቋል!"

"እርጥቡን ከለጠፉት ይንሸራተታል። ይመኑኝ።"

አመንኩት። መጠበቅ ግን ሞት ነው። አሁንም አሁንም እነካለሁ። በመጨረሻ ሁለቱን ሳገናኛቸው... ጥብቅ! ስቤ ስቤ አቃተኝ።

ቤቱ ገማ። መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። "ይቅርታ፣ ራስ ያዞራል" ስለው ባለቤቴ በረጅሙ ሳበና "ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ" አለ። ፊቱን አየሁት። ደስ ብሎታል! ሰው ማስቲሽ ይናፍቀዋል?

እሑድ፣ ኅዳር 9

ልጄ ደወለች።

"እማዬ፣ አባዬን አትሂድ በይዋ!"

"መሄድ የፈለገው እሱ ነው።"

"ጠየቅሽው?"

"እሱስ ጠየቀኝ?"

"ወይ እናንተ! ሁለት ግድግዳ ናችሁ እኮ።"

ስድ። የወለድኩት ልጅ ግድግዳ ትበለኝ? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ጓንቶቹን ጨረስኩ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ከላይ መጽሐፍ ጭኜባቸው አደርኩ። ያምራሉ፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ውርደት።

አዞውን ሆኖ የሚጫወተው ቀጮ የምንለው ልጅ ነው፣ ረጅም ሸንበቆ። ጓንቶቹን አጠለቀ፣ ሁሉም "ኦ!" አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ እንቁላሉን ሊያነሳ ጣቶቹን አጠፈ...

ጧ። አንድ ቅርፊት። ጧ፣ ጧ። እንደ ቆሎ መድረኩ ላይ ተበተኑ። አንዱ የመብራት ሠራተኛው ግንባር ላይ አረፈ። ቀጮ ምስኪን እንቁላሉን ለቀቀው፣ እንጨት ባይሆን ኖሮ አልቆለት ነበር። ሰው በሳቅ ሞተ። አዘጋጇ ግን አልሳቀችም።

"እትዬ፣ እሑድ እንከፍታለን። ካልሆነልዎ እጁን አረንጓዴ ቀለም ቀብተን እናወጣዋለን።"

ቀለም! ለእኔ አዞ!

ጥፋቱ የማስቲሹ አይደለም፣ የኔ ነው። መንገድ ላይ እያሰብኩ መጥቼ በሩ ጋ ስደርስ ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ዘርግቼ፣ ተኩሼ፣ አስተኝቼ ነው የሠራሁት። ጓንቱንም አስተኝቼ ለጠፍኩ። እጅ መቼ ተኝቶ ያውቃል? ሲታጠፍ ከላይ ያለው ጨርቅ ይለጠጣል፣ ጎማው እምቢ ይላል፣ ይፈናጠራል። መለጠፍ ያለበት እጅ ውስጡ ሆኖ፣ ጣቱ እንደታጠፈ ነው።

ጓንቱ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅኩ። ቋሊማ መሰለ። የሰው እጅ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ያውም ረጅም። ቀጮ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው። እጀ ረጅም ማንን አውቃለሁ?

መስኮቱ ጋ የተቀመጠውን ሰው አየሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሳቄ አሁንም አልበረደም። ልቅሶዬም።

"እጅህን ስጠኝ" አልኩት።

"ለምን?"

"ለአዞ።"

ሰጠኝ። ቀኝ እጁን አዲስ ጓንት አለበስኩት። እንደ እንቁላል እንዲይዝ ብርቱካን አስጨበጥኩት። ማስቲሹን ቀባሁ፣ ጠበቅን፣ ከጣት ጫፍ ጀምሬ ቅርፊት በቅርፊት ደረደርኩ። ሲያምር! "ጣትህን ዘርጋ" አልኩት፣ ዘረጋ። "እጠፍ"፣ አጠፈ። አንዱም አልተነሳም! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

"በል አውልቀው።"

ሳበ። ዝም። እንደገና ሳበ።

"አንቺ" አለ ቀስ ብሎ። "አልወልቅም አለ።"

ለካ ማስቲሹ በጥጡ አልፎ ሄዷል! ከቆዳው፣ ከእጁ ፀጉር ጋር ተያይዟል። ከሥር ፌስታል ማልበስ ነበረብኛ! ክው አልኩ። እሱ ግን የአዞ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አገላብጦ አየውና፣

"እንግዲህ ወንድሜን በዚህ ነው የምጨብጠው?" አለ።

ሳቃችን ፈነዳ። እሱ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ! በሳቅ እንባው ወረደ፣ ሊጠርገው የአዞውን እጅ ሲያነሳ ጥፍሩ ጆሮውን ወጋው፣ እንደገና ሳቅ።

የምግብ ዘይት ለብ አድርጌ በአንጓው በኩል ማፍሰስ ጀመርኩ። ጣት በጣት፣ ቀስ እያልኩ እያሸሁ። ረጅም ሥራ ነው። ጉልበታችን ተነካክቶ ተቀምጠናል። እጁን እንዲህ ይዤው ከተቀመጥኩ... እኔ እንጃ።

እጁን እያየ ነው የተናገረው።

"አንድ ቀን እንኳ አትሂድ አላልሽኝም።"

"ልሂድ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ?"

"እንደፈለግህ አልሽኝ እኮ።"

"ተናድጄ ነዋ!"

"በምን ልወቀው? ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሳህን ታጥቢያለሽ።"

ትንሿ ጣቱ ለቀቀች።

"እዚህ ምን እሠራለሁ?" አለ። "ጠዋት አንቺ ትወጫለሽ፣ እኔ መስኮት እጠብቃለሁ። እዚያ ቢያንስ መጋዘን እጠብቃለሁ።"

አንጀቴን በላው። አቀርቅሬ አውራ ጣቱን ማሸት ቀጠልኩ። ጓንቱ ወለቀ። ከእጁ ጀርባ ላይ ፀጉሩን ይዞት ወጣ። "ይህንንስ ለአዞው መርቄዋለሁ" አለ።

ጓንቱ በዘይት ተበላሽቷል። እንደገና መጀመሬ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ስነሳ እሱ ቀድሞኝ ተነስቷል። ጠረጴዛው ላይ ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ! መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ቅርፊቱን ሁሉ በልክ በልኩ ደርድሮ።

"አንቺ ስትፈትጊ ጠርዙን ትረሻለሽ" ብሎ ነቀፈኝ። እሺ ጌታዬ!

መጀመሪያ ፌስታል፣ ከዚያ ጓንት፣ ከዚያ ብርቱካን። ቀባሁ። እስኪደርቅ መጠበቅ አለ። ያችን ሰዓት ነው የምፈራት፣ ሥራ የለም፣ መሸሻ የለም፣ ሳህን የለም። አውራ ጣቱን እያየሁ፣

"አትሂድ" አልኩት።

ብርቱካኑን አየ።

"መስኮቱ ጋ አንተን ሳላይ ቤት መግባት አልችልም። ምንም ባታወራኝ እንኳ። ይኸው ነገርኩህ።"

ማስቲሹን በጣቴ ነካሁት። መያዙን ትቷል።

"ደርቋል፣ ለጥፊ" አለ።

እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ጨርሼ እስክነሳ ድረስ ግን እጁን አልነቀነቀም። ሁለቱም ጓንት አለቀ። እኔ ነኝ ያልደረቅሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ቲያትሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ መጣ፣ ዓይኑ ስለማያሳየው ልጆቹ መሐል ከፊት አስቀመጥኩት። እኔ ከመጋረጃው ጎን ሆኜ የማየው መድረኩን አይደለም፣ እሱን ነው።

ቀጮ እንቁላሉን አነሳ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ታጠፉ። አንድ ቅርፊት አልተነሳም! እፎይ...

ባለቤቴ አጠገብ የተቀመጠችው ሕፃን "እጁን እዩት!" ብላ ጮኸች።

"የኔ እጅ ነው" አላት ባለቤቴ፣ ጮክ ብሎ።

"ውሸትህን ነው። ያንተማ ይኸው አለ" አለችና እጁን ያዘች። ቲያትሩ እስኪያልቅ አለቀቀችውም።

ሲያልቅ አዘጋጇ መጣች። ሌላ ጨዋታ አስባለች፣ የዔሊ ቤተሰብ። "ጋሼ፣ እርስዎም አብረው ይሠሩልናል አይደል?" አለችው። እኔን አየኝ። ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ። ዛሬ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

"እስቲ እናያለን" አላት።

እስቲ እናያለን! ይሄ ሰው ይገድለኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ጽሑፌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኙን ባለቤቴ ይዞታል። የዔሊዋ ሕፃን እጅ ትንሽ ናት፣ የኔ ልክ። ፌስታል አልብሶ፣ ጓንት አልብሶ፣ ቀብቶኝ ተቀምጧል። "አትንቀሳቀሺ" ይላል። አሥር ጊዜ በጣቱ ይነካል። ትዕግሥት የለውም፣ እኔን ሲነቅፍ ነበር ደግሞ።

ጠዋት ወንድሙ ጋ ደወለ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ እኔ እየሰማሁ።

"ወንድምዬ፣ አልመጣም።"

"ምነው፣ አመመህ?"

"ደህና ነኝ። አትሂድ ተባልኩ።"

"ማን አለህ?"

"ማን ይለኛል!" አለና ሳቀ፣ የዔሊውንም ሥራ ነገረው። ወንድሙ ትንሽ አኮረፈ፣ ኋላ ግን "ስለዚህ መጋዘኔን ለዔሊ ሸጥከው ማለት ነው" ብሎ ራሱም ሳቀ። ይለፍለታል።

ቤታችን ማስቲሽ ይሸታል። ጎረቤቶች ማማረር ጀምረዋል።

አሁን አፍንጫዬን በላኝ።

"እከክልኝ" አልኩት።

"ግራ እጅሽስ?"

"አታይም፣ እየጻፈ ነው።"

እያጉረመረመ ጎንበስ አለ። አከከልኝ።