የገዛ ሥራቸውን የሻሩት መምህር፦ ዶክተር ሰውነት ደሳለ (1952–2017 ዓ.ም.)

ዶክተር ሰውነት ደሳለ ከአባታቸው ከመሪጌታ ደሳለ ውበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገለቴ ሰጠኝ በላስታ፣ ገነተ ማርያም፣ በግንቦት ወር 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ዳዊት አስደግመው ወደ ዜማ ሊያሳልፏቸው ያስቡ ነበር። እርሳቸው ግን የነገሩን ሁሉ መነሻ እየጠየቁ መምህሩንም ጓደኛውንም የሚያስቸግሩ ልጅ እንደነበሩ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ሰብሌ ይናገራሉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በላሊበላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ጨርሰው በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በኬሚስትሪ ሁለት ዲግሪ ከያዙ በኋላ ወደ ስዊድን ተልከው በ1984 ዓ.ም. በኳንተም ኬሚስትሪ ዶክትሬታቸውን አገኙ። እዚያው እንዲቀሩ ቢለመኑም ብርዱን ሰበብ አድርገው ተመለሱ። የላስታን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ሰበቡን አላመናቸውም። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካለም ጋር በተክሊል ተጋብተው የአብስራንና አመተ ማርያምን ወለዱ። ክረምት አገራቸው ሲገቡ ወገቡን ወይም ጉንፋኑን ይዞ የሚመጣ ወገን አይጠፋም ነበር። የዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለሁም ማለቱ ሲሰለቻቸው ማር በሎሚ እያዘዙ ይሸኙ ነበር።

ሥራቸው ስሌት ነበር። ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ አንዱ ሲቀርብ ሌላው ዘወር ይላል። ሒሳቡ ሲጀመር ግን እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሌሎቹን አማካይ ብቻ እንደሚያይ ተደርጎ ይታሰባል። ከዚያ መሸሻሸቱ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ መልሱ ይታረማል፤ ፐርተርቤሽን የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። ለቤተሰብ ሲያስረዱ፣ የኮን ከተማ ገበያን ሰው መቁጠር አያስቸግርም፣ ሳይጋጭ እንዴት እንደሚተላለፍ ማስላቱ ነው የኔ ሥራ ይሉ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ለብረት ውሁዶች ያዘጋጁትን የስሌት ቀመር አሳተሙ። ሁለተኛው እርማት ላይ ሲደርሱ መልሱ በቤተ ሙከራ ከተለካው ጋር ገጠመ፤ እርሳቸውም እዚያው ቆሙ። በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚፈተንበት ስሕተት ነው፤ ቁጥሩ ካማረ ወዲያ ማንም መቀጠል አያሰኘውም። የኮን ልጅ የሆነው ተማሪያቸው ጥሩሰው አለምነው የዶክትሬት ጥናቱን በዚሁ ቀመር ላይ መሠረተ።

በ1999 ዓ.ም. ጥሩሰው ጥናቱን ሊያቀርብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዶክተር ሰውነት አዲስ በመጣ ኮምፒውተር ስሌቱን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛውና ከዚያም በላይ ወሰዱት። እያነሰ መሄድ የነበረበት እርማት እያደገ ሄደ፤ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየዘለለ ከሚያርመው መልስ በለጠ። መነሻው የአማካይ ግምት ራሱ ለእነዚያ ውሁዶች የሚሆን አልነበረም። መጀመሪያ የገጠመውም በአጋጣሚ ነው። ይህን ከእርሳቸው በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ዝም ቢሉ ተማሪው ይመረቅ ነበር።

ጥሩሰውን አስጠርተው፣ “ጽሑፉን ልሽረው ነው፤ ያንተም ሥራ አብሮ መውደቁ ነው” አሉት።

“እርስዎ ዲግሪዎን ይዘዋል” አላቸው። “እኔ እናቴን ምን ልበላት?”

ዶክተር ሰውነት ላሳተመው መጽሔት ጽፈው ጽሑፉን ሻሩ። ጥሩሰው በሌላ መምህር ሥር እንደ አዲስ ጀምሮ ሦስት ዓመት ቆየ፤ እናቱ ምረቃውን ሳያዩ ኮን ላይ ዐረፉ። ዶክተር ሰውነት ለቀብሩ ሄደው ነበር፤ ጥሩሰው ግን እጃቸውን አልጨበጠም።

ዶክተር ሰውነት የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሳያገኙ ጡረታ ወጡ፤ በዚህ ሲቆጩ የሰማ የለም። የተማሪያቸው ነገር ግን ከልባቸው አልወጣም። የሚቆጩት ጽሑፉን በመሻራቸው አልነበረም፤ ሰው ሳያስከትሉበት በፊት ስሌቱን ገፍተው ባለማየታቸው ነበር። ዶክተር ጥሩሰው ከዓመታት በኋላ የዚያኑ ቀመር ጉድለት የሚያርም ዘዴ ሲያሳትሙ የመምህራቸውን ስም አላነሡም። መምህራቸው ግን ዘዴውን “የጥሩሰው እርማት” ብለው ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩበት። ለገና ላሊበላን ሊሳለሙ በወረዱ ቁጥር ለዶክተር ጥሩሰው ይደውሉላቸው ነበር፤ ስልኩ አይነሣም።

ዶክተር ሰውነት ባደረባቸው የጉበት ሕመም በአገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በ64 ዓመታቸው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እህታቸው ያዝኑላቸዋል። በሕመም ላይ ሳሉ፣ ይህ የሕይወት ታሪክ በሚነበብበት ዕለት የጥሩሰው አለምነው ስም ከልጆቻቸው ጋር እንዲጠራ አዘዋል። ወይዘሮ ሰርካለም መጀመሪያ አልተስማሙም፤ ኋላ ግን ኑዛዜ ነው ብለው ተቀበሉት። ስለዚህ ልጆቻቸው የአብስራ ሰውነት፣ አመተ ማርያም ሰውነትና ዶክተር ጥሩሰው አለምነው ናቸው።

ለዶክተር ጥሩሰው መርዶው በስልክ ተነግሯቸዋል። ይህን ጊዜ ስልኩን አንሥተዋል፤ “እሺ” ከማለት በቀር የመለሱት ቃል የለም። ይህ ሲታተም ለቀብሩ ይምጡ አይምጡ አልታወቀም።

የሰውን ልብ የሚመረምር አምላክ የዶክተር ሰውነትን ነፍስ በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን። ላዘኑላቸውም፣ ላዘኑባቸውም መጽናናትን ይስጥ።