ሠላሳ አራት ጥንድ እና አንድ አድራሻ

ጥቅምት 4

ዛሬ ስድስት ሰው ለካሁ። አንዱ ትንሽ ልጅ እየተኮረኮረ እግሩን አልሰጥ ብሎኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ታላቅ እህቴ እታለም ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ ወስፌዋን ሳታስቀምጥ፣ "ቀኙ በሦስት ሴንቲ ያጥራል" አለች። ለካሁ። ሦስት ሴንቲ ከሁለት ሚሊ። አሃ፣ ዛሬስ ተሳሳተች ብዬ በደስታ ብነግራት፣ የግራ እግሩን ካልሲ አላወለቅሽለትም አለችኝ። ኧረ እውነቷን ነው። አውልቄ ለካሁ... ሦስት።

ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ስሠራ አሁንም ይገርመኛል። እግሩ አጠረ፣ ተረከዙ ተጣመመ የተባለ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ሰውየው በሩን አልፎ ሦስት ጊዜ ሲራመድ እሷ ጫማውን በሐሳቧ ጨርሳዋለች። የቀረው ቆዳውና ማስቲሹ ነው። እኔ ሜትሬን ይዤ ስሯሯጥ እደርሳለሁ።

ልንዘጋ ስንል የሕንፃው ባለቤት ደብዳቤ መጣ። ሕንፃው ሊፈርስ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ልቀቁ። እታለም አነበበችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ነገ የሚደርስ ሁለት ጥንድ አለብን አለች። በቃ፣ ይኸው ነው የተናገረችው።

ጥቅምት 7

ቦታ ተገኘ። ከአናጢዎቹ ግቢ በስተጀርባ፣ ሁለት ክፍል። ብርሃኑ ጥሩ፣ ወለሉ ደረቅ። እታለም ወደደችው። እኔ ግን... እዚያ ጉያ ውስጥ ማን ያገኘናል?

ደንበኞቻችን የሚመጡት ጫማው ሲያልቅ ነው፣ በዓመት በሁለት ዓመት፣ አብዛኞቹ ከሩቅ። መዝገባችን ደግሞ እግር እንጂ ስልክ አያውቅም። ስልክ የምንይዘው በቁራጭ ወረቀት ነው፣ ጫማው ደረሰ ብለን እስክንደውል። ከዚያ በየወሩ መጨረሻ እጥለዋለሁ። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው? ያ መምህሩ፣ ግራ እግሩ ወደ ውስጥ የዞረው፣ መቼም ሌላ የሚሠራለት የለም። ይመጣና ፍርስራሽ ያገኛል። እያነከሰ ሊመለስ ነው?

ጥቅምት 9

ጎረቤታችን ኮምፒውተር ቤት ያላት ሴትዮ መላ አመጣች። ለሰው ዌብሳይት ትሠራለች። የእናንተንም እሠራዋለሁ፣ ቀላል ነው፣ ከባዱ ስሙ ነው አለች። ዶሜይን ስም ትለዋለች፣ ዌብሳይቱ የሚገኝበት አድራሻ። አንዴ ከመረጣችሁ ልብስ አይደለም፣ አትቀያይሩትም አለችን። አጭር ይሁን፤ ሰው በጆሮው ሰምቶ ሳይጠይቅ የሚጽፈው ይሁን፤ ቁጥርና ሰረዝ አይኑርበት፤ ከሌላ ሰው ስም ጋር አይምታታ። እኔ ሁሉንም ጻፍሁ። እታለም አልጻፈችም፣ ግን ሁሉንም እንደያዘች አውቃለሁ።

ደንበኛው ይህን አድራሻ ከየት ያገኘዋል ብላ እታለም ጠየቀችን። በወረቀት ጽፈን እንሰጠዋለን አልሁ። እንግዲያውስ ጫማው ውስጥ፣ ተረከዙ በሚያርፍበት ቆዳ ላይ በማህተም ይታተም አለች። ሰው ወረቀት ይጥላል፣ ጫማውን ግን አይጥልም። የኮምፒውተሯ ሴትዮ አፏን ይዛ ቀረች። እኔ ኩራት ተሰማኝ፣ እኔ ያሰብሁት ይመስል!

ስሙን "የእታለም እጅ" እንበለው አልሁ። ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

"እጄ ሲደክምስ፣ ሚጡ?" አለችኝ። ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አሁንም ሚጡ።

ጥቅምት 14

አሥራ አንድ ስሞች ጽፌ ነበር። እታለም ፈተና አወጣችላቸው። እኔ ሰው ስለካ እሷ ከወዲያ ሆና እንደ ዘበት አንዱን ስም ትጠራለታለች። ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ታወራዋለች። ሰውየው ጫማውን አጥልቆ በሩ ላይ ሲደርስ "ቅድም ያልሁህ ስም ማን ነበር?" ትለዋለች። ካላስታወሰ ስሙ ይሰረዛል።

በሦስት ቀን ስምንቱ ወደቁ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ያሰብሁበትን ስም አንድ ሽማግሌ "የመድኃኒት ስም ነው እንዴ?" አሉት። እታለም እስከ ምሳ ስትስቅ ዋለች። ተናደድሁ። ግን የሠፈሩ ምሁር ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን ፈተና ያመጣው ነበር?

ጥቅምት 17

"ቀና እርምጃ" አለፈ! ሰባት ሰው ተጠየቀ፣ ሰባቱም አስታወሱት። አንዷ እናት እንደውም በሩ ላይ ሳትጠየቅ ነው የተናገረችው።

ኮምፒውተር ቤት ሄድሁ። ሴትዮዋ አልነበረችም፤ የእህቷ ልጅ ገጹን ከፈተችልኝና ሌላ ሰው ልታስተናግድ ሄደች። ስሙን ጻፍሁ። አልተያዘም ይላል። ቅርጫት የሚመስል ምልክት አለ፤ ተጫንሁት፤ ገባ። ክፍያው በባንክ ካርድ ነው። ካርዱ እታለም ዘንድ ስለሆነ ሌላ ቀን ብዬ ተነሳሁ። ምን ያስቸኩላል? የኛ ቤት ሕግ እኮ የታወቀ ነው። ደንበኛ ቆዳ መርጦ "ይቀመጥልኝ" ካለ፣ በክር አስረን ላይኛው መደርደሪያ ላይ እናኖረዋለን። ዓመት ቢቆይ ማንም አይነካውም።

እታለም ተያዘ ወይ አለችኝ። ተያዘ አልኋት።

ጥቅምት 21

ማህተም ቀራጩ ነሐሱን አደረሰ። ፊደሎቹ ሲያምሩ! እታለም እሳት ላይ አሙቃ በቁራጭ ቆዳ ሞከረችው። በጣም ከጋለ ቆዳው ያርራል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጽሑፉ አይነበብም። በአራተኛው ልኩን አገኘችው። ከዚያ ወዲያ አንድም አላበላሸችም። ማህተሙን ወደ ጉንጯ ጠጋ አድርጋ በሙቀቱ ነው የምታውቀው።

ኅዳር 1

ሥራ። ሥራ። ሥራ። ከመልቀቃችን በፊት ሰው ሁሉ ጫማውን ይፈልጋል። እታለም ለአጭሩ እግር ከፍታ የሚሆነውን ቡሽ ስትሞርድ አየኋት... ጣቶቿ አብጠዋል። ሞቅ ያለ ውሃ ባቀርብላት "ቆይ ይቺን ልጨርስ" አለች። ውሃው ቀዘቀዘ።

ካርዱን ልጠይቃት ነበር። ረሳሁት።

ኅዳር 8

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዛሬ ካርዱን ይዤ ሄድሁ። የኮምፒውተሯ ሴትዮ ራሷ ቁጭ ብላ ስሙን ጻፈች። ፊቷ ተለወጠ። ተይዟል። ከሰባት ቀን በፊት ሌላ ሰው አስመዝግቦታል። የለም፣ የእኔ ነው፣ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጬዋለሁ አልኋት። ቀስ ብላ፣ እንደ ሕመምተኛ እያባበለች አስረዳችኝ። ቅርጫቱ ማንንም አይከለክልም። ተከፍሎ፣ ማረጋገጫው በኢሜይል እስኪመጣ ድረስ ስሙ የማንም ነው። የያዘው ሰው ስም እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም አለች። ገጹ ላይ "ለሽያጭ" ብሎ ለጥፎበታል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሠላሳ አራት ጥንድ ጫማ ወጥቷል። በሁሉም ውስጥ የታተመው የማናውቀው ሰው አድራሻ ነው! ደንበኞቻችን እኛን ብለው ከማን ደጅ ሊሄዱ ነው? እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ? ተያዘ ብያት?

ኅዳር 9

ነገርኋት። ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት። ለማለሳለስ አስቤ ነበር፣ አልቻልሁም፣ ዝርግፍ አደረግሁት። ተረከዝ እየመታች ነበር። የቀሩትን ሦስት ሚስማሮች መታች። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠች።

"ስንት ጥንድ ወጣ?"

"ሠላሳ አራት።"

"ወረቀቶቹን ጥለሻቸዋል?"

አልጣልኋቸውም። የጥቅምቱን መጣል ስንፍና ይዞኝ ነበር። ስንፍናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ቆጠርን፣ ሠላሳ አንድ። ሦስት ጎደሉ። እታለም ዓይኗን ጨፈነችና የወጡትን ጫማዎች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። በስም አይደለም፣ በእግር ነው። ቀኝ ሁለት ሴንቲ፣ አውራ ጣቱ የወጣ። ግራ ተረከዝ፣ የልጅ፣ ቡናማ። እኔ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ። ሦስቱን አገኘቻቸው። አንዷ ቀለም መሸጫ የምትሠራዋ፣ ሁለቱ ወንድማማቾቹ የታክሲ ሹፌሮች። ቀለም መሸጫው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሹፌሮቹን ደግሞ ተራቸው ላይ አገኛቸዋለሁ።

ነጋዴውን ለምነን ስሙን እናስለቅቀው አልኋት። አይሆንም አለች። ሌላ ስም እናወጣለን፣ ለሁሉም አዲስ ማህተም ያለበት ስስ ቆዳ ቆርጠን እንልካለን፣ አሮጌው ላይ ይለጥፉታል። በየፎርማቸው፣ በእግራቸው አምሳል በተጠረበው እንጨት ልክ።

ምነው በተቆጣችኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ ስድብ ይቀል ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ኅዳር 12

ስልክ ስንደውል ሦስት ቀናችን። እኔ እደውላለሁ፣ እሷ እየሠራች ትሰማለች። አፍሬ፣ ተሽኮርምሜ ነው የጀመርሁት። ማን እንደሆንሁ ስናገር የመጀመሪያዋ ሴትዮ "ውይ፣ ሁለቱ እህቶች!" አለችኝ። አራተኛው ሰውዬ ስልኩን ሳይዘጋ ለሚስቱ "ሁለቱ እህቶች ናቸው" ሲላት ሰማሁ። አንዲት እናት ስልኩን ለልጇ ሰጠችብኝ፤ ልጅቷ "ያቺ የምትለካዋ ነሽ ወይስ ያቺ የምትሠራዋ?" አለችኝ። የምትለካዋ ነኝ አልኋት። ስትለኪኝ እኮ አላመመኝም አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የእታለምን ቤት ብሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኔ ሜትር ያዥ...

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ምንም አልደነቃትም። ታውቅ ነበር እንዴ?

"ያንን የኔን ፈተና ተይው" አለች። "እነዚህ ሳይነገራቸው ነው የሚያስታውሱት።"

ኅዳር 13

ተመዘገበ። ዛሬ ነገ ሳንል፣ ሱቁን በሥራ ሰዓት ዘግተን። እታለም ሽርጧን እንኳን አላወለቀችም። ሁለቱ እህቶች ዶት ኮም። አልተያዘም ነበር። ማን ይይዘዋል! ሴትዮዋ ሰው እህት የሚለውን ሁለት ዓይነት አድርጎ ስለሚጽፈው ሁለቱንም አጻጻፍ እንያዝ አለች። ያዝን። በእኔ ስም እንዳታስመዘግቡ፣ ነገ ብንጣላ አድራሻችሁን ይዤ እሄዳለሁ ብላም አሳቀችን።

ቅጹ ላይ "ባለቤት" የሚል ሳጥን አለ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። የእታለምን ስም መጻፍ ጀመርሁ። እጄን ያዘችኝ። ያንን ያበጠ ጣቷን ዘርግታ፣ አንድ ፊደል እየፈለገች እየተጫነች፣ የእኔን ስም ጻፈች። የአባታችንን ስም ጨምራ።

"ያጠፋሁት እኮ እኔ ነኝ" አልኋት።

"ለዚህ ነው። ሴትዮዋ ስሙ በየዓመቱ መታደስ አለበት ብላለች። አንዴ እንዲህ የደነገጠ ሰው ሁለተኛ አይረሳም።"

ከፈልን። ኢሜይሉ እስኪመጣ ከወንበሩ አልተነሳሁም። መጣ። አሳትሜ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። በመንገድ ላይ ሁለቴ አውጥቼ አየሁት።

ኅዳር 27

ሠላሳ አራቱም ስስ ቆዳ ተልኳል። ዕቃችንን አጓጓዝን። ፎርማዎቹ ብቻ አራት ጋሪ ሞሉ። እታለም የመጨረሻውን ጋሪ በእግሯ ተከትላ መጣች፣ አንዱ ፎርማ ቢወድቅ የማን እግር እንደሚጠፋ ስለምታውቅ።

ታኅሣሥ 19

አዲሱ ቦታ ሲቀዘቅዝ! የአናጢዎቹ ቁርጥራጭ እንጨት ባይኖር አልቀን ነበር። ባለፉት ቀናት የመጡት ሁሉ የደወልንላቸው ናቸው። የድሮዎቹስ? ዌብሳይቱን በቀን አሥሬ እከፍተዋለሁ፣ ሰው የሚወጣበት ይመስል...

ታኅሣሥ 23

መምህሩ መጣ!

ግራ እግሩ ወደ ውስጥ የዞረው። ግቢውን አቋርጦ ሲመጣ እታለም ከእኔ ቀድማ በአረማመዱ አወቀችው። ሶሉ አልቆ ካርቶን ጨምሮበታል። እንዴት አገኘኸን አልሁት። ዌብሳይቱን ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። ሕንፃው ጋ ሄዶ ፍርስራሹን አየ። ጎረቤት የለ፣ የሚጠየቅ የለ። ተስፋ ቆርጦ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ተመለሰ። ሰልፉ ላይ አንዲት ሴትዮ ከፊቱ ቆማለች፤ የቀኝ ጫማዋ ከፍ ያለ ነው። አሠራሩን አየና የእናንተ እጅ መሆኑ ገባኝ አለ። አፍሮ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ይህን የሠሩልሽን የት ላገኛቸው አላት።

ሴትዮዋም ትከሻውን ያዝ አድርጋ፣ በሰው ፊት፣ በጭቃ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ጫማዋን አወለቀችና ውስጡ የታተመውን እንዲያነብ ሰጠችው።

እታለም መሥራቷን አቆመች። ጫማ እያለ መሥራት ስታቆም አይቻት አላውቅም። የቷ ናት ብላ አልጠየቀችም። በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ቡሽ ነው፣ ገባብኝ አለች።

"በይ ለኪው" አለችኝ።

ሁለቱንም ካልሲ አስወልቄ ለካሁት።