በፒኮ መንገድ የተማርሻት ቪየና

እማዬ፣

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ሆነ። «ደረስሽ? በላሽ?» የሚል ስልክ ካልተደወለልኝ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን። ስለዚህ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ደርሻለሁ፣ በልቻለሁም።

የምጽፍልሽ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ከቪየና ወደ ቡዳፔስት እየተመለስኩ። ቡዳፔስት ምን ታደርጊያለሽ እንዳትይኝ፤ ፎርሙን አብረን የሞላነው የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ተሳካልኝ። አባዬን ጥዬ አልሄድም ብዬ ሳቅማማ፣ እናትሽ ፎርሙን ስትሞላ ያመሸችው ለጌጥ ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ቤት ሁሉም ደህና ነው። አባዬ ያው ፓርኪንግ ሥራው ላይ ነው። ምግብ ማብሰልም ጀምሯል፤ ሽሮው ያርርበታል፣ እሱ ግን ተስፋ አይቆርጥም። መኪናሽን የሚነዳት እሱ ነው። ወንበሩ አንቺ እንደተውሽው ወደ ፊት እንደተሳበ ስለሆነ፣ ጉልበቱ መሪውን እየነካ ድራይቭ ያደርጋል። ወደ ኋላ ግፋው እንጂ ስለው፣ ተመችቶኛል ይላል። ውሸቱን ነው።

ቪየና የሄድኩት ለሽርሽር ብቻ አይደለም። በእትዬ ግሬታ ምክንያት ነው። እዚያ እኛ ከተማ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ውስጥ ስድስት ዓመት የተንከባከብሻቸው አሮጊት፣ የቪየና ተወላጅ። ፈረንጅ ቢሆኑም እትዬ ሳትያቸው ቀርተሽ አታውቂም፤ እሳቸውም የስማቸው ቁራጭ መስሏቸው ሐኪሙን ሁሉ እንዲያ በለኝ ይሉት ነበር። ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ በዊልቸር እየገፋሽ ስታናፍሻቸው፣ እሳቸው ፒኮ መንገድ ላይ አልነበሩም። በአሥራ አራት ዓመታቸው ሸሽተው ወጥተው ዳግም ያላዩዋት ከተማ ውስጥ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደረስን፣ በይ ታጠፊ፣ እዚህ ጋ ኬክ ቤቱ አለ እያሉ ይመሩሻል። አንቺ ደግሞ ሺፍትሽን ጨርሰሽ ለመሄድ ብቻ አልነበረም የምትገፊያቸው፤ እየሰማሽ ከተማዋን ቤት በቤት አጠናሻት። እራት ላይ ለእኛ ትደግሚልን ነበር።

ከሃይስኩል የተመረቅኩ ቀን ፌርፋክስ መንገድ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ያደረግኩትን አልረሳሽውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ለእንግዶቹ ስለ ቪየና ኦፔራ ቤት እያወራሽ ነበር። ቆመው የሚያዩ ሰዎች የአንገት ልብሳቸውን ፊታቸው ባለው መደገፊያ ብረት ላይ አስረው ይወጣሉ፣ እስኪመለሱ ቦታቸውን ማንም አይነካባቸውም አልሽ። የአባዬ የታክሲ ዘመን ጓደኛ ጋሼ መኮንን፣ መቼ ሄደሽ አየሽው ብለው ጠየቁሽ። ክፋት አልነበራቸውም። ቀድሜሽ ዘው ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። እሷ? ከፒኮ ሮበርትሰን ወዲያ የት ታውቅና፣ የአሮጊቷን ወሬ ነው የምታወራላችሁ አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም በነጠላሽ አፍሽን ሸፍነሽ ሳቅሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቪየናን ስም ካንቺ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ግሬታ ሲሞቱ እንኳ ለብቻሽ አለቀስሽ። ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ታመምሽ፤ ከታመምሽ በኋላ ደግሞ ወሬያችን ሁሉ መድኃኒትና ሐኪም ብቻ ሆነ።

እናም ተነሣሁና ሄድኩ። የተማሪ ጉዞ ነው፤ ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል፣ ከሱፐርማርኬት ዳቦና አይብ፣ የቀረው በእግር። ካርታ አልያዝኩም፣ ስልኬንም ዘጋሁት። አንቺ በነገርሽኝ ልዞር ብዬ።

እማዬ፣ ከተማ ማለት ይቺ ናት! የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እንደ ሰፌድ የተሰፋ ነው ስትይ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። እውነትም ሸክላው በቀለም በቀለም ተሰፍቷል፤ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አየሁት። ከዚያ እንዳልሽው በጀርባው በኩል አልፌ ወደ ግራ ታጠፍኩ፣ ኬክ ቤቱን ፍለጋ። ያገኘሁት የመኪና ፓርኪንግ። ተመልሼ እንደገና ታጠፍኩ፤ ያው ፓርኪንግ። ለካ ተረት ኖሯል ብዬ ቆሜ ሳለሁ በራልኝ። ፒኮ ላይ ፋርማሲው ጋ ስትደርሱ ሁልጊዜ የምትታጠፉት ወደ ግራ ነበር፤ በቀኝ ያለው የእግረኛ መንገድ ተሰባብሮ ለዊልቸር አይመችም። እትዬ ግሬታ ታጠፊ ሲሉሽ አንቺ ወደ ግራ ትገፊያለሽ፤ በዚያው ቪየናም ከናንተ ጋር ወደ ግራ ታጠፈች! ወደ ቀኝ ሄድኩ። ኬክ ቤቱ ቁጭ ብሏል። መንገድ ላይ ብቻዬን ስንከተከት አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

እንደ ምሰሶ ቆመው በር የተሸከሙት የድንጋይ ሴቶችም አሉ። እትዬ ግሬታ ደጃቸው ላይ እንደነበሩ ስላወራሽን፣ ቤታቸውን በነሱ እለየዋለሁ ብዬ ነበር፤ ጉድ ነው፣ በየመንገዱ አሉ! ምስኪኖች፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቆመው ማንም ተቀመጡ አላላቸውም ትይ ነበር። የትኞቹ እንደሆኑ ስላላወቅኩ ለሁሉም እጅ እየነሳሁ አለፍኩ። ቡና ቤት ገብቼም በአንድ ስኒ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሚኒስትር የመሰለው አስተናጋጅ በትሪ ውሃ ጨመረልኝ እንጂ ተነሺ አላለኝም። ይህንንም ነግረሽን ነበር።

ቅዳሜ ኦፔራ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፍኩ፤ የቋሚዎቹ ቲኬት ከሳንድዊች ይረክሳል። ውስጡን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ነጩ፣ ወርቁ፣ ቀዩ ከፋይ፣ አምፖሉ ሁሉ፤ ለድሀ ተማሪ ይህን ማሳየት እንዴት ያለ ደግነት ነው። ብረቱ ጋ ስንደርስ ሰዉ አንድ በአንድ የአንገት ልብሱን እየፈታ ማሰር ጀመረ። እኔም የኔን አስሬ ወጣሁ፤ ስመለስ እንዳሰርኩት አለ።

ከፊቴ የቆሙ ሽማግሌ ዞረው፣ እንግዳ ሰው ይህን ልማድ አያውቅም፣ ማን ነገረሽ አሉኝ በእንግሊዝኛ። እናቴ አልኳቸው። እናትሽ እዚህ ኖራለች ወይ አሉኝ። ኖራ አታውቅም ማለት እችል ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ መልስ አንድ ጊዜ መልሼ ምን እንዳደረገሽ አይቻለሁ። እናቴ ዓይናቸው የማያይ አንዲት የቪየና ሴትን በየቀኑ ወደዚህ ከተማ ትመልሳቸው ነበር አልኳቸው። እያለቀስኩ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሽማግሌው የራሳቸውን የአንገት ልብስ ከብረቱ ፈትተው፣ ከፊት ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ከተዘፈነው አንድም ቃል አልገባኝም፤ እስኪያልቅ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

አንቺን በሰው ፊት አሳፍሬሻለሁ፣ እማዬ። ይቅር በይኝ። እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ይቅርታ ብልሽ ግን አይበቃም፤ የሳቁት ሰዎች አልሰሙኝም። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ሁሉም ይመጣሉ፣ ጋሼ መኮንንም። ከጸሎቱ በኋላ በፊታቸው እቆማለሁ። እናቴ የነገረቻችሁ ሁሉ እውነት ነው፣ ሄጄ አይቼዋለሁ እላቸዋለሁ። ከዚያ ያን ቀን ያቋረጥኩብሽን ወሬ ካቆምሽበት እቀጥልልሻለሁ፤ እስክጨርሰውም አልቀመጥም።

ልጅሽ ሰብለ