የአባባ አሥራ አራት ቁጥር

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔም አባባም ቆመን እንሄዳለን፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

ክረምቱ እንዳለፈ ጽሕፈት ቤቱ የሰፈሩ የውጭ በር ሁሉ ግራጫ ይቀባ ብሎ አዘዘ። አባባ በዚያ ወገባቸው የእኛን በር ሁለት ዙር ቀቡት። ተቆጣጣሪው በጣቱ ነካ ነካ አደረገና "ጸድቋል" ብሎ ወረቀት ላይ ማኅተም መታልን።

በሳምንቱ አባባን አስጠሯቸው። ጡረታ ቢወጡም የሰፈሩ ማስታወቂያ ጸሐፊ እሳቸው አይደሉ? ቀይ ቀለምና የቤቶች ዝርዝር ሰጥተው በየበሩ ቁጥር እንዲጽፉ አዘዟቸው። ከላይኛው መንገድ ጀምረው ሲጽፉ ሰንብተው እኛ በር ደረሱ። ዝርዝሩን ሁለቴ አነበቡት።

"አባባ፣ ይተዉት" አልኳቸው።

"ብተወው ሌላ ሰው አጣሞ ይጽፈዋል" አሉኝ።

አሥራ አራት ቁጥርን እዚያው ግራጫው ላይ ጻፉት። እንደሱ የሚያምር ቁጥር በሰፈሩ የለም።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዤ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል "እሱ የቀለም ክፍል ነው፤ ይሄ የቁጥር ክፍል ነው" አለችኝ።

ከአንድ እስከ ዘጠኝ የተጻፈባቸው ቤቶች በነበሩበት በኩል አሁን ነፋስ እንደልቡ ይገባል። አስፋልቱም ከበራችን ላይ ሆነን ቁልጭ ብሎ ይታየናል።

መልስህን በአክስታችን አድራሻ ላክልን፤ ለፖስተኛው ይቀለዋል። አባባ ሰላም ብለውሃል። የተረፈውን ግራጫ ቀለም ለከርሞ ይሆነናል ብለው፣ ጥብቅ አድርገው ከድነው አልጋቸው ሥር አስቀምጠውታል።

ራስህን ጠብቅልን፣
ታላቅ እህትህ